ጨው የሌለበት ክረምት

እግዚአብሔር ሰፈር ሲሠራ ለእያንዳንዱ አንድ የሰው ጤና ጠባቂ አብሮ ይመድባል። ደመወዝ የለውም፣ ሹመት የለውም፣ ና ብሎ የጠራውም የለም። በሐምሌ ጭጋግ ደጃችሁ ላይ ቆማችሁ ስታስነጥሱ ከአጥር ማዶ «ደርቡ እንጂ! ደረታችሁን ለማን ነው የምታሳዩት?» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ጠባቂው እሱ ነው። «የኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለውም» የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት ራሳችሁ ናችሁ።

ለእኛ የደረሰችን ክብርት ወይዘሮ አስናቀች ናት፤ የጨው ጠቅላይ መርማሪ፣ የክረምት ነጠላ ሚኒስትር፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር እስከ ገበያው ዳር ድረስ የሚመታ ልብ ሁሉ ባለአደራ። እንጀራዋ ግን ቅቤ መሸጥ ነው። ሶዶ ገበያ ውስጥ፣ ከቤሌ የመጣ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ትቀመጣለች። ገዢ ሲመጣ ዋጋ ከመናገሯ በፊት ትጠይቃለች።

«ለማን ነው?»

«ለቤት ነው።»

«ቤት ቅቤ አይበላም። የሚበላው ማነው?»

«ባለቤቴ።»

«ዳገት ሲወጣ ያለከልካል?»

ሴትየዋ ትንሽ ካመነታች አለቀላት። ትልቁ ጥቅል ወደ ኋላ ይመለስና ትንሹ ይወጣል፤ ከትንሹ ጋር ደግሞ ምክር በነፃ ይመረቃል። ጎረቤታችን ቦልቴ አንድ ቀን አጠገቧ ቆሞ ይህን ሲያይ ከቆየ በኋላ፣ «እትዬ አስናቀች፣ አንቺ እኮ ቅቤ አትሸጪም፤ ቅቤ ታስሪያለሽ» አላት።

«ልብ መለዋወጫ የለውም!» አለችው።

ይቺ ቃሏ ናት። ለቦልቴ ስትናገራት ደግሞ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ ቦልቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ፣ የማንኛውም ዕቃ መለዋወጫ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ።

አስናቀች ግን እንዲህ ሆና አልተወለደችም። እንዲህ ያደረጋት ገበየው ነው።

ገበየው ልብስ ሰፊ ነው። ከጉራጌ አገር በወጣትነቱ መጥቶ፣ ወላይትኛ ተምሮ፣ እዚሁ አግብቶ፣ የግማሹን ከተማ የሠርግ ልብስ የሰፋ ሰው። ዝምተኛ ነው፤ ሆኖም ለስኒ እንቢ ማለት አይችልም። ስኒ የዘረጋለትን ሰው ከሚያሳፍር ጣቱን መርፌ ቢወጋው ይመርጣል። ይህ ጠባዩ ሊገድለው ምንም አልቀረውም ነበር።

በእኛ ዘንድ ክረምት ላይ ሁሉ ነገር ብርድ ነው። ጉልበት ቢያም ብርድ ነው፤ ሆድ ቢነፋ ብርድ ነው፤ ባል ቢያኮርፍም ብርድ ሳይመታው አይቀርም። የብርድ መድኃኒት ደግሞ የታወቀ ነው፤ የቡና ቅጠል፣ እኛ ሀይታ ቱኬ የምንለው። ለጋው ቅጠል ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ይወቀጣል፤ ጨው ይገባበታል፤ በማሰሮ ይንተከተካል። ዛሬ እዚህ ቤት ከፈላ ነገ እዚያ ቤት ይፈላል። ተራው የደረሰው ሰው ከአጥሩ ላይ ይጣራል፤ የተጠራ ሁሉ ይሄዳል። ጨው ያነሰው ቅጠል ያቀረበች ሴት፣ «ምን አስቀይመናት ነው?» ትባላለች።

የአስናቀች ቅጠል ከሁሉም ይበልጥ ነበር። እሷ ተራዋ ሲሆን መጣራት አያስፈልጋትም፤ ሽታው ላይኛው መንገድ ድረስ ወጥቶ ሰዉን ይዞ ይመጣል።

ባለፈው ዓመት ክረምት ገበየው ዝናብ መታውና ሳል ያዘው። «ብርድ ነው» አልን፤ አጠጣነው። እግሩ አበጠ። «ብርዱ ወርዶ እግሩ ላይ ተቀመጠ» አልን፤ ጨመርንለት። ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረው ጀመር፤ ትራስ ደራርቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ እንደተቀመጠ ማደር ያዘ። «ብርዱ ደረቱ ገባ» አልን። አሁንም ጨመርንለት። አስናቀችማ ቤቱ ድረስ በፔርሙዝ ታመላልስለት ነበር።

ሆስፒታል ስንወስደው ፔርሙዙም አብሮ ሄደ። ሐኪሟ ዶክተር ኢየሩሳሌም ወጣት ናት፤ ቶሎ የማትናገር፣ ስትናገር የማትጮህ። የገበየውን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቷ ተጫነችና ለቀቀችው። የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ። ከዚያ ዓይኗ አስናቀች ብብት ውስጥ ያለው ፔርሙዝ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው እናቴ?»

«የብርድ መድኃኒት ነዋ!» አለች አስናቀች፣ ኮራ ብላ።

ዶክተሯ በክዳኑ ትንሽ ቀድታ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች።

«አባቴ፣ ይሄን በቀን ስንት ጊዜ ይጠጣሉ?»

«ሲጠሩኝ ነው» አለ ገበየው።

«ማነው የሚጠራዎት?»

«ሁሉም።»

ያኔ ነው ቁጭ ብላ ያስረዳችን። የደም ግፊቱ ሳይታወቅ ብዙ ቆይቶ ልቡን አድክሞታል። ጨው ውሃ ይይዛል፤ የደከመ ልብ ደግሞ ያን ውሃ መግፋት ስለማይችል እግርና ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። «ብርድ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም» አለች። «ጉንፋን ለደከመ ልብ ሸክም ነው፤ ይልበሱ፣ ይሙቁ፣ ሳል ሲጀምርዎት ሳይውል ሳያድር ይምጡ። ነገር ግን ትንፋሽዎን የያዘው ብርድ አይደለም። ኪኒኑን ደህና ሆንኩ ብለው እንዳያቋርጡ። ጨውን ይተዉ።»

አስናቀች ከሆስፒታሉ በር ስትወጣ ቦዩ ዳር ቆመች። ፔርሙዙን ከፍታ ገለበጠችው። እስኪንጠፈጠፍ ያዘችው። አብሬያት ቆሜ ነበር፤ ምንም አላለች። እንግዲህ ዝም ያለችበት የመጨረሻው ቀን ያ ነበር ማለት ይቻላል።

ያን ዓመት ገበየው ለመስቀል አገሩ አልገባም። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ካልገባ ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሰው ሁሉ ወደ መናኸሪያ ሲጎርፍ እሱ በር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ዋለ። እምድብር ያለችው ታላቅ እህቱ በሕይወት የቀረችው አንዲት ዘመዱ ናት። በስልክ፣ «ወንድሜ፣ ለከርሞ ካልመጣህ እኔ አልጠብቅህም፤ እርጅና ቀጠሮ አያከብርም» አለችው። ሚስቱ አመለወርቅ ይህን ስትነግረን አስናቀች አጠገባችን ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣን።

የዘንድሮው ክረምት ገና ሰኔ ላይ ሲዳምን ዘመቻው ተጀመረ። ገበየው የሚያሸናውን ኪኒን በገበያ ቀን እንደሚዘል ደረሰችበት፤ ሱቁ አጠገብ መጸዳጃ ስለሌለ ነው። አላስፈራራችውም። ጎን ያለው ምግብ ቤት ገብታ ከባለቤቱ ጋር ተነጋገረች። ምን ብላ እንዳሳመነችው አይታወቅም፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ ገበየውን ባየ ቁጥር ደረቱን በእጁ እየነካ «ልብ መለዋወጫ የለውም ጋሼ፣ ይግቡ» እያለ በሩን ይከፍትለታል።

ዝናብ ሲያባራ ደግሞ በእግር ታስኬደዋለች። ዶክተሯ ቀስ ብሎ ይሂድ ስላለች ነው። ቦልቴም አጃቢ ሆኖ ተመደበ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ካፖርት ደርበው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲዘልቁ፣ እሷ ጃንጥላ ይዛ ከኋላ ትከተላለች።

«እንደ በሬ ነዳሽን እኮ!» ይላል ቦልቴ።

«በሬማ ሲነዱት አያወራም። እያወራህ መሄድ ከቻልክ ልክ ነህ፤ ካቃተህ ቁም።»

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያስል ሰው ካየች መዝሙሩ መሀል ተነስታ አጠገቡ ትቀመጥና ከገበየው ወንበር ታርቀዋለች። መንገድ ላይ ካልሲ ያደረገ ሁሉ ይቆማል፤ ቁርጭምጭሚቱ ይጫናል። ወንጌላዊውም አልቀረላቸውም፤ ለጸሎት ቤቷ ሲመጡ ጫማቸውን አስወልቃ ተጫነቻቸው። «ጌታ ይባርክሽ» አሏት፤ ሌላ ምን ይበሉ?

ከሁሉ የከበዳት ግን ማሰሮዋ ነው። ጨው አወጣች። ዝንጅብሉን አበዛች፣ ነጭ ሽንኩርቱን አበዛች፣ በሶብላ ጨመረች፤ አልሆነም። ሰው ፉት ይልና ዓይኑን ጣሪያ ላይ ይሰቅላል። «የአስናቀች ቅጠል ሞተ» ተባለ። የሚመጣው ሰው ቀነሰ። ለስሟ እንደ እሷ የምትሳሳ ሴት አላውቅም፤ ቅቤዋን «ሽቷል» ያላትን ሴት እስከ ዛሬ ሰላም አትላትም። በማሰሮዋ ሲስቁባት ግን ቀና ብላ እንደገና ትቀዳለች፤ በየቤቱም እየዞረች ሁሉም ተራው ሲደርስ ያለ ጨው እንዲያፈላ አስማለች። እኛም ማልን።

ነሐሴ ሲገባ የገበየው እግር እንደገና አበጠ።

አመለወርቅ ደንግጣ መጣች። አስናቀች ሄዳ ተጫነችው፤ የጣቷ ጉድጓድ አልመለስ አለ። ኪኒኑን ጠየቀች፤ ይውጣል። ወጡን ቀመሰች፤ አልጫ ነው። ዶክተሯ ዘንድ ወሰደችው። «ከየት እንደሆነ እንጃ እንጂ ጨው እየገባ ነው» አለች ዶክተሯ። «እንዲህ ከቀጠለ ለመስቀል መንገድ የሚባል ነገር አይታሰብም።»

በማግስቱ ተራው የአመለወርቅ ቤት ነበር። ቅጠሉ ፈላ፤ ጨው የለበትም፤ አስናቀች ራሷ ቀመሰች። የታችኛዋ ጎረቤታችን አስካለች ለመቅዳት ተነሳች። ለሁሉም ቀዳች። ለገበየው ስትቀዳ እጇ ስኒው ላይ ትንሽ ዘገየ።

«አስካለች፣ እጅሽን ክፈቺው» አለች አስናቀች።

«ምነው?»

«ክፈቺውማ!»

አስካለች ከፈተችው። መዳፏ ላይ የጨው ፍርፋሪ አለ።

አስካለች ግን አላፈረችም፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ታዲያ ለታመመ ሰው አልጫ ላጠጣ? እኛስ ጤነኞች ነን፤ እሱ ታሞ ጣዕም የሌለው ሲጠጣ ማየት እንዴት ይሆናል? እናቱ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? ትንሽ ናት! ለሱ ብቻ ናት!»

«እኔም ትንሽ ነበር የማደርገው» አለች አንዲት ሴት ከበሩ ጎን። ሌላዋም አጎነበሰች። ከዚያ አመለወርቅ፣ የገዛ ሚስቱ፣ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ ውስጡ ጨው ቋጥራለች። እያንዳንዷ ብቻዋን የምትራራለት መስሏታል። ሁላችን ያለ ጨው እንድንጠጣ ተስማምተን፣ ጨው በመላ ሰፈሩ ውስጥ የሚጠጣው ያ ጨው የተከለከለው ሰውዬ ብቻ ሆኖ ነበር!

አስናቀች ወደ ገበየው ዞረች።

«ጋሼ፣ አውቀህ ነበር?»

«ምላስ አለኝ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ጠጣኸው?»

«እያየችኝ እንዴት ልመልሰው? አስናቀች፣ ሰው የሰጡትን ካልጠጣ ልባቸውን መመለስ ነው።»

«የሰው ልብ እየጠጣህ የራስህን ልትጥለው ነው» አለችው።

የጩኸቱን መጀመር ጠበቅን። ቦልቴ ኮፍያውን እንኳ አስተካክሎ ነበር። እሷ ግን አልጮኸችም። ከመቀመጫዋ ተነስታ ገበየው አጠገብ ተቀመጠች። የሱን ስኒ አነሳች፤ የራሷን እሱ ፊት አኖረች። ከዚያ ጨው ያለበትን ጭልጥ አድርጋ ጨረሰችው።

«ከዛሬ ጀምሮ የሱ ስኒ የኔ ነው፤ የኔ ስኒ የሱ ነው። የምታዝኑለት ለኔ እዘኑልኝ።»

እንዳለችውም አደረገች። በየቤቱ፣ በየተራው፣ አጠገቡ ትቀመጥና ስኒ ትለዋወጣለች። መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። አስካለች እጇ ስላልቻለ አንድ ሁለቴ ጨመረች፤ አስናቀች ፊቷን ሳታጨማድድ ጠጣችው። ሦስተኛ ጊዜ አስካለች እጇን ዘርግታ ጨው ሳትጨምር መለሰችው። ለሰው አዝኖ ሌላ ሰው ማሳመም እንዴት ይቻላል? የነጠላዎቹ ጫፍ ሁሉ ተፈታ። የገበየው እግርም ቀስ በቀስ ወደ ጫማው ተመለሰ።

መስከረም ጠባ፤ ቢጫው አበባ ዳሞታ ላይ ፈካ። ዶክተር ኢየሩሳሌም ግፊቱን ለካች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ እግሩን ተጫነች። የኪኒኑን ማዘዣ ጽፋ ስታበቃ፣ «እህትዎን ሰላም ይበሉልኝ» አለችው። ገበየው መጀመሪያ አልገባውም። አስናቀች ግን ገብቷት እየሳቀች ወጣች፤ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ጥላ።

መናኸሪያው ስንሸኛቸው ያደረገችውን ልንገራችሁ። ገበየውና አመለወርቅ የሆሳዕናው ሚኒባስ ውስጥ ገብተዋል። አስናቀች በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ ለመላው ተሳፋሪ ስብከት ጀመረች። ይሄ ሰውዬ እንዳይጨናነቅ፣ እግሩን የሚዘረጋበት ስጡት፣ ሽንቴ መጣ ሲል አቁሙለት። ሾፌሩ «እማዬ፣ ሰውየው ሊቀበር ነው ወይስ መስቀል ሊበላ?» ሲላት ተሳፋሪው ሳቀ። «ሊበላ ነው! ግን ክትፎውን ያለ ጨው፣ ቅቤውንም በጣት ጫፍ!» አለችው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የጉራጌ ሰው፣ «ይሄማ ከመቀበር በምን ይሻላል?» ብሎ ሚኒባሱን ሙሉ በሳቅ አፈረሰው። ገበየውም ስቆ ሳይጨርስ መኪናው ተነሳ።

እሷ ግን አልሳቀችም። እዚህ እሷ አለች፤ እዚያ ማን አለ? እዚያ ደግሞ ስኒ ብቻ አይደለም የሚዘረጋው፤ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው እህቱ ናት በገዛ እጇ የምታጎርሰው። እንቢ ማለት የማያውቅ ሰው ደግሞ ያችን እጅ እንቢ አይልም። ይህን ሁላችንም አውቀናል፤ ያወራው ግን የለም። ቦልቴም እስከ ሰፈር አልቀለደም።

በማግስቱ ከሰዓት አስናቀች ጠራችን። ሽታው ላይኛው መንገድ ድረስ ወጥቷል። ማሰሮዋ ሥር ተቀምጣ፣ «ክረምቱን ሙሉ ቻላችሁኝ። ዛሬ እሱ የለም፤ እንደ ድሮው ነው ያፈላሁት» አለች። ጮቤ ረገጥን። ቦልቴ እጁን አሻሽቶ ስኒውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

ፉት አልን።

አስካለች ከንፈሯን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ አፌ ውስጥ ይዤው ቆየሁ። ቦልቴ እንደምንም ዋጠና ስኒውን አስቀመጠው።

«እትዬ አስናቀች፣ ማሰሮው ውስጥ የጨው ጆንያ ወደቀ እንዴ?»

«የድሮው ነው እኮ! በድሮው ልክ ነው!»

«የድሮው ከሆነ የድሮውን ምላስ አምጪልን!»

እሷም ቀመሰችው። ፊቷ ተኮማተረ። እንዲያ ስም ያወጣላትን ቅጠል፣ ሰውን ከሩቅ የሚጠራውን ቅጠል፣ ራሷ መዋጥ አቃታት። ሳቅ ሊይዘን ሲል ስልኳ ጮኸ። ገበየው ነው። ድምፁን ሁሉም እንዲሰማው አደረገች።

«አስናቀች!» አለ፤ ያ ዝምተኛ ሰው እየጮኸ ነው። «ምን አደረግሽኝ? እህቴ ዓመት ሙሉ ጠብቃ አጎረሰችኝ፤ አፌ ውስጥ ጨው ብቻ ሆነብኝ! እንቢ አልኳት! በሕይወቴ መጀመሪያ እንቢ ያልኩት እህቴን ነው! አሁን ለብቻዬ አልጫ እየሠራችልኝ ነው፤ ዘመድ ሁሉ እየሳቀብኝ ነው። አገሬ ገብቼ ያገሬን ምግብ መብላት አቃተኝ! ምላሴን የት ወሰድሽው?»

«ትተነፍሳለህ?» አለችው።

«እተነፍሳለሁ።»

«ትናንት ተቀምጠህ ነው ያደርከው ወይስ ተኝተህ?»

«ተኝቼ» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «እህቴ የዘረጋችልኝ ጅባ ምንጣፍ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ በጀርባዬ። ጠዋት እሷ ናት የቀሰቀሰችኝ።»

አስናቀች ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችው።

«እንግዲያው ምላስህን ተወው ጋሼ።»

ዘጋችው። የማሰሮውን ቅጠል ጓሮ ወስዳ ደፋችና አዲስ ውሃ ጣደች። ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ቀና ብላ አየችኝ።

«እማማ፣ ከበሩ ይራቁ እንጂ፤ ነፋሱ ጎንዎን ይመታዎታል።»

ነፋስ አልነበረም። የመስከረም ፀሐይ እግሬ ላይ ተኝታለች። ተነስቼ ወደ እሷ ጠጋ አልኩ።